‘ብ’ ያለባት ላም

የከተማዋን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁም አትደርሱባትም፤ ስሟ የሚጻፈው በአሥራ አንድ ፊደል ሲሆን የሚነበበው አራቱ ብቻ ነው። መንገደኛ ሁሉ በተጻፈው ይጠይቃል፣ በሚነበበው ይመለስለታል፣ ሳያውቃት አልፏት ይሄዳል።

በዚያች ከተማ ሕግ የሚጸናው ሲጻፍ ሳይሆን ሲነበብ ነበር። ከላይኛው ጽሕፈት ቤት ወረቀት ይመጣል፤ አንባቢው በገበያው መሐል ካለችው የድንጋይ ሰገነት ላይ ወጥቶ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ከአፉ የወጣው ሕግ ይሆናል። ከወጣ ወዲያ መመለስ የለም። ሌላው አገር “ከአፍ ከወጣ አፋፍ” እያለ ወሬኛ የሚመክርበትን ተረት እነሱ ከሰገነቷ ግንባር ላይ አስቀርጸውታል። አንድ ጊዜ የቀድሞው አንባቢ “በየሳምንቱ ይጸዳ” ሊል ሲል “በየ” ላይ አስነጠሰውና ሕጉ እንደዚያው ጸና። ሕዝቡም ዓመቱን ሙሉ በየ ሲያጸዳ ከረመ።

ከሱ በኋላ አንባቢ የሆነው አቶ እንዳለ ነው። አባቱ ስሙን ሲያወጡለት ሥራውን አስበው ባይሆንም ስሙ ለሥራው የተሰፋ ያህል ልክ ሆነለት፤ የተጻፈውን እንዳለ ያነባል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ፊደል አልዘለለም፣ አንዲትም አልጨመረም። በጉንፋን ወቅት ከሰገነቷ የሚወጣው አፍንጫውን ሁለቴ ተናፍጦ ነው።

ችግሩ ከወረቀቱ ነው። የላይኛው ጽሕፈት ቤት ሰዎች፣ ሁሉ የገባው ሕግ አይፈራም ብለው ስለሚያምኑ፣ ዋና ዋናዎቹን ቃላት በባሕር ማዶ ቋንቋ፣ በባሕር ማዶ ፊደል ይጽፏቸዋል። አቶ እንዳለ ያንን ፊደል የተማረው ከመድኃኒት ካርቶን ላይና ሽፋኑ ከጠፋ መዝገበ ቃላት ነው። ባሕር ማዶዎቹ የሚጽፉትን ሁሉ እንደማያነቡ፣ ከቃሉ ውስጥ ለወጉ ብቻ የተቀመጡ ዝምተኛ ፊደሎች እንዳሏቸው የነገረው ሰው የለም። ስለዚህ ቢላዋን “ክናይፍ” ይላል፤ አዳምጡ የሚለውን “ሊስተን” ይላል፤ ሁሉንም ከነጓዙ ያነባል። ካነበበ በኋላ ከሰገነቷ ወርዶ ጫፏ ላይ ይቀመጥና ሕዝቡ የባሕር ማዶውን ቃል ትርጉም ይጠይቀዋል። እሱም ይነግራቸዋል። ሰው ሕጉን ፈርቶ ይመጣና ገብቶት ይሄዳል።

ከጠያቂዎቹ ሁሉ የማትቀረው ጎረቤቱ እትዬ ማንጠግቦሽ ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጅ አልወለደችም፤ ያላት ቡሬ የምትባል አንዲት ላም ናት። ወተቷን ትሸጣለች፣ እርጎዋን ትሸጣለች፣ ሲከፋት ደግሞ ከቡሬ ጋር ታወራለች። ማንበብ አትችልም፤ የሰማችውን ግን አትረሳም። ከሁለት ዓመት በፊት “ላምብ ያለው ሁሉ ያስከትብ” የሚል ሕግ በተነበበ ጊዜ፣ ላምባ መስሏት የኩራዟን ጠርሙስ ይዛ መጥታ ነበር።

“ምኑን ነው የሚከትቡት? ነዳጅ ይታመማል እንዴ?” ብላ ጠየቀችው።

“ላምባ አይደለም እትዬ፤ ላምብ ነው። የበግ ግልገል ማለት ነው” አላት አቶ እንዳለ።

“ታዲያ የበግ ግልገል አይሉም? አፋቸውን ምን ያዘው?” ብላ ጠርሙሷን ይዛ ተመለሰች።

ነገሩ እንዲህ እየሆነ ሲኖር ነው ሊቀ ዝምታው የመጣው። ሊቀ ዝምታው የከተማዋ ተወላጅ ሲሆን ባሕር ማዶ ሄዶ ሰባት ዓመት ሙሉ አለመናገርን ተምሯል። የትኛዋ ፊደል የትኛው ቃል ውስጥ ዝም እንደምትል አንድ በአንድ አጥንቶ፣ በወረቀት ተመስክሮለት ተመለሰ። ሕዝቡ ሆ ብሎ ተቀበለው። በገባ በሦስተኛው ቀን ገበያ ወጣ፤ አቶ እንዳለም እንደ ልማዱ ከሰገነቷ ላይ “ክናይፍ” አለ። ሊቀ ዝምታው ደረቱን ያዘ።

“እሷን ፊደል ማን አናገራት?” ብሎ ጮኸ።

በሳምንቱ የዝምተኛ ፊደላት ጽሕፈት ቤት ተከፈተ። ከገበያው በር ላይ ትልቅ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቀለና ዝም ማለት ያለባቸው ፊደሎች ከነቃላቸው ተጻፉበት። ብ ከም ኋላ ስትቆም ዝም ትላለች። ክ ከን ፊት ስትቆም ዝም ትላለች። አዳምጡ በሚለው ቃል ውስጥም የማትደመጥ ት አለች። ሊቀ ዝምታው ከሰገነቷ ሥር ወንበር አስቀምጦ፣ ቃጭል ይዞ ይጠብቅ ጀመር። አንዲት ዝምተኛ ፊደል ድምፅ ከሰጠች ቃጭሉን ያቃጭላል።

አቶ እንዳለ ሰው አክባሪ ስለሆነ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄዶ ባርኔጣውን አውልቆ ጠየቀ።

“ጌታዬ፣ ለመማር ነው እንጂ ለመከራከር አይደለም። ፊደሏ ካልተነበበች ለምንድን ነው የምትጻፈው?”

ሊቀ ዝምታው በትዕግሥት አየው። “አቶ እንዳለ፣ ከስምዎ ቀጥሎ ማን ይጻፋል?”

“አባቴ።”

“ከሳቸው ቀጥሎስ?”

“አያቴ።”

“በሕይወት አሉ?”

“ኧረ አርፈዋል ጌታዬ። ሁለቱም።”

“እና አቶ እንዳለ ተብለው ሲጠሩ ሦስታችሁም ናችሁ ‘አቤት’ የምትሉት?”

አቶ እንዳለን፣ እውነቱን ለመናገር ነገሩ አሳመነው። የሞተ አባት ከስም ኋላ ተጽፎ ዝም እንደሚል፣ ብም ከላምብ መጨረሻ ተጽፋ ዝም ብትል ምን ነውር አለው? ሊቀ ዝምታው በዚሁ አጋጣሚ፣ ከንባብ በኋላ ትርጉም መናገር መቅረቱን ነገረው። የሚያስረዳ አንባቢ፣ ሕጉ ግልጽ አይደለም ብሎ እንደ መክሰስ ይቆጠራል። አቶ እንዳለ ይህንንም ተቀብሎ ወጣ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ?

ከዚያ ወዲያ ከተማዋ ዝምታን ወደደችው። “ክናይፍ አምጡልኝ” ሲል የተሰማ ሥጋ ሻጭ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ክን ይቅርታ እንዲጠይቅ ተደረገ፤ ክ ይቅርታውን መቀበል አለመቀበሏን አልተናገረችም። የከተማው የጥሩምባ ጓድ አንድ ዝምተኛ ጥሩምባ ጨመረ፤ ነፊው ጉንጩን ይነፋል፣ ድምፅ አያወጣም፣ እሱ ከሌለ ግን ሰልፉ አይወጣም። የከተማው ምክር ቤትም በየስብሰባው “ለምን?” እያሉ የሚያስቸግሩ ሁለት አባላት ስለነበሩት ዝምተኛ አባላት ብሎ ሾማቸው። ስማቸው ከቃለ ጉባኤው አይቀርም፣ ወንበራቸው አይነካም፣ ምሳም ይቀርብላቸዋል። አንደኛው መጀመሪያ ሰሞን አፉን ሲከፍት ቃጭል ይሰማ ነበር። በኋላ ለምሳ ብቻ ይከፍተው ጀመር።

በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ወረቀት መጣ። አቶ እንዳለ ከሰገነቷ ወጣ፣ ሁለቴ ተናፈጠ፣ ወረቀቱን ዘረጋ። እንደ ልማዱ መጀመሪያ በዓይኑ አለፈበት። “ታላቁ እንግዳ ከባሕር ማዶ ስለሚመጡ፣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ከየቤቱ አንድ አንድ ላምብ በአደባባዩ ይቅረብ” ይላል። ለመስተንግዶ አንድ አንድ የበግ ግልገል፤ ከባድ ትእዛዝ አይደለም። ከቃሉ መጨረሻ ብ ተቀምጣለች። ከበታቹ ሊቀ ዝምታው ቃጭሉን ይዞ ተቀምጧል። ገበያው ጆሮውን ሰጥቷል።

አቶ እንዳለ ነገሩ የገባው ያን ጊዜ ነው። ብ ዝም ካለች የሚቀረው ምንድን ነው? ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አቀረበው፤ ብ እዚያው ናት፣ ቀለሟ እንኳ ከሌሎቹ ጎላ ብሏል። ቃጭሏ በሊቀ ዝምታው ጣት ላይ ትንሽ ተንቀሳቀሰች።

“...ከየቤቱ አንድ አንድ ላም በአደባባዩ ይቅረብ” ብሎ አነበበ።

ከገበያው አንዱ “ላም?” አለ፣ ሌላው “ላም ነው ያለው” አለ፣ ቃሉ እየተቀባበለ እስከ እህል ተራ ድረስ ሄደ። ሊቀ ዝምታው በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ፤ እንዲህ የጠራ ንባብ በዚህች ከተማ ሰምቶ አያውቅም።

ማንጠግቦሽ ግን አልሄደችም። አቶ እንዳለ ሲወርድ ከሰገነቷ ጥግ ቆማ ጠበቀችው።

“እንዳለ፣ ያን ጊዜ ስለ ክትባቱ ያልከው ቃልና የዛሬው ዘመድ አይመስሉህም? ያኛው ላምብ ነበር። የበግ ግልገል ነው ብለኸኝ ነበር።”

“የሚነበበው ላም ነው እትዬ።”

“የሚነበበውን አልጠየቅኩህም፤ እሱንማ ሰማሁ። የተጻፈውን ነው የጠየቅኩህ።”

አቶ እንዳለ ወደ ወንበሩ አየ። ሊቀ ዝምታው ቃጭሉን በመሐረብ እያበሰ ነበር። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። እሷም ካየችው በኋላ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ያን ቀን ስለ ራሱ የተሰማውን ስሜት ሃያ ሁለት ዓመት ተሰምቶት አያውቅም፤ አፈረ።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ትጓደድ ምሳ አቅርባ ነበር። የአንባቢ ቤት ከመዋጮ ነጻ ስለሆነ በእነሱ በር የሚነዳ ላም አልነበረም። ይኸው ነበር የባሰባት።

“አንተ፣ ምን ብለህ ነው ያነበብከው?” አለችው።

“እንዳለው ነዋ።”

“እንዳለው ነው ወይስ እንዳሉህ?”

ምሳውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወደ ሊቀ ዝምታው ጽሕፈት ቤት ሄደ።

“ጌታዬ፣ ሰዉ ላም ሊያመጣ ነው” አለ ገና ከበሩ።

“በትክክል አላነበቡም?”

“በትክክል ነው ያነበብኩት።”

“ጸሐፊውስ በትክክል አልጻፈም?”

“በትክክል ጽፏል።”

“እንግዲያ ስሕተቱ የት አለ?”

አቶ እንዳለ አሰበ። “ሰሚው ዘንድ ይመስለኛል ጌታዬ።”

“ሰሚ በእኛ ጽሕፈት ቤት ሥር አይደለም” አለ ሊቀ ዝምታው፤ አለመሆኑም ከልቡ ያሳዘነው ይመስላል። “የሰሚ ጽሕፈት ቤት እንዲከፈት ጽፈናል። እስኪከፈት ድረስ ሰው የመሰለውን ይሰማል።”

በአሥራ አምስተኛው ቀን ከገበያው አጠገብ ያለው የታጠረ አደባባይ በላም ተሞላ። ሦስት መቶ አርባ ላም ነው የገባው። ላም የሌለው ከዘመድ ለምኖ አመጣ፤ አንድ ሸማኔ ደግሞ ሌላ ስላልነበረው የበግ ግልገል አቅፎ መጥቶ “የተነበበው ላም ነው፣ ሕግ እየሰማህ” ተብሎ ከነግልገሉ ተመለሰ። ማንጠግቦሽ ቡሬን ይዛ የመጣችው ከሁሉ በኋላ ነው። ገመዱን ለተረካቢው ስታቀብል “ጠዋት ሳላወራት አትታለብም” ብላ ነገረችው። ተረካቢው እንዲህ ያለ መመሪያ እንዳልደረሰው ገለጸላት።

ታላቁ እንግዳ ቀይ ፊት ያለው ትሑት ሽማግሌ ነበር። በመንገድ ሁሉ ሲያስብ የመጣው የግልገል ጥብስ ነው አሉ። ገበታው ላይ ተቀመጠ፣ ግራ ቀኝ አየ፣ ከዚያ ፈገግ ብሎ “ላም?” አለ። ሹማምንቱ ደስ ብሏቸው መስኮቱን ከፈቱና አደባባዩን አሳዩት። እንግዳው ላሞቹን አየ። ዞር ብሎ አሁንም “ላም?” ሲል አላየም ይሆናል ብለው አንዷን ደረጃው ድረስ አቀረቡለት። ላሟ እንግዳውን አየችው፣ እሱም አያት። በመጨረሻ እንቁላል በልቶ ሄደ።

ነገሩ ከላይኛው ጽሕፈት ቤት ደረሰና ሦስት መርማሪዎች መጡ። ምርመራ በዚያች ከተማ የሚካሄደው በባሕር ማዶ ቋንቋ ነው፤ ተመርማሪው ቃል ከመስጠቱ በፊት ሁለት ጊዜ እንዲያስብ ይረዳዋል። ሊቀ ዝምታው፣ ጸሐፊውና ተረካቢው ሁሉም በትክክል መሥራታቸው ተረጋገጠ። አቶ እንዳለ ተጠራ።

“ከቃሉ መጨረሻ ብ መኖሯን ታውቅ ነበር?” ተባለ።

አቶ እንዳለ በዚያ ሰሞን እንቅልፍ አጥቷል። እውነቱን ተናግሮ ሊገላገል ቆርጦ ነው የመጣው። “አውቃለሁ” ሊል ነው። አውቃለሁ የሚለው የባሕር ማዶ ቃል ደግሞ ሲጻፍ በክ ይጀምራል፤ ክ ከን ፊት ስለቆመች ዝም ትላለች፤ ሲነገር የሚሰማው “ኖ” ብቻ ነው። ኖ ማለት ደግሞ አይደለም ማለት መሆኑን በዚያች ከተማ የሊስትሮ ሳጥን እንኳ ያውቃል።

“ኖ” አለ አቶ እንዳለ።

ቃል ተቀባዩ “አያውቅም” ብሎ ጻፈ።

“ኖ! ኖ!” አለ አቶ እንዳለ ደረቱን እየመታ።

ቃል ተቀባዩ “አጥብቆ ካደ” ብሎ ጨመረበት። መርማሪዎቹ በሐዘኔታ አዩትና ይህን የመሰለ ንጹሕ ሰው ለምን እንደሚያለቅስ ተጠያየቁ።

ውሳኔው በማግስቱ ተጻፈ። ማንም ስላላወቀ ማንም አላጠፋም። በአደባባዩ የሚገኝ ላምብ ሁሉ ደግሞ፣ በእርግጥ ላምብ መሆን አለመሆኑ እስኪጣራ ድረስ ወደ ላይኛው ጽሕፈት ቤት ግቢ ይነዳ። ወደዚያ ግቢ የወጣ ከብት ሲወርድ ያየ ሰው የለም። ውሳኔው ገና ሳይነበብ ወሬው ገበያውን ዞረ፤ አንድ ሽማግሌም “እንግዲህ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው” ብለው ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ወጉት።

አቶ እንዳለ ውሳኔውን ሊያነብ ጠዋት ሲሄድ በአደባባዩ አጥር ዙሪያ አለፈ። ማንጠግቦሽ በእንጨቶቹ መሐል እጇን አሾልካ የቡሬን ግንባር ታክካለች። በዙሪያዋ ያለውን ሕዝብ ይቅርና እሱንም አላየችውም።

“ዛሬ ነው የሚሉት” ትላታለች ላሟን። “አትፍሪ። መንገዱ አቀበት ነው፣ ቀስ ብለሽ ሂጂ። የማያውቁት እጅ ሲነካሽ አትራገጪ፤ ይመቱሻል።”

ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። አቶ እንዳለ ይህን ተረት ሁልጊዜ ስለ ሌላ ሰው ሲተርተው ኖሮ ያን ቀን ጠዋት የሱ መሆኑን አወቀ። ሃያ ሁለት ዓመት ያልዘለለውን አንድ ጊዜ ዘለለ፤ በዘለለበት ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ የሴትዮዋ ቤት ገባ። ይህን እያሰበ ከሰገነቷ ወጣ። አልተናፈጠም፤ ረሳው።

ሊቀ ዝምታው ከበታቹ ቃጭሉን አስተካከለ። ነጂዎቹ ጅራፋቸውን ይዘው በአጥሩ በር ቆመዋል። አቶ እንዳለ ወረቀቱን ዘረጋና በደህና ድምፅ ጀመረ።

“የላይኛው ጽሕፈት ቤት ነገሩን መርምሮ፣ በአደባባዩ የሚገኝ ላም...”

እዚህ ላይ ቆመ። ሊቀ ዝምታው ቀና አለ።

“ብ” አለ አቶ እንዳለ።

ቃጭሉ አቃጨለ። አቶ እንዳለ ድምፁን ከቃጭሉ በላይ አነሣ። “ላምብ! በአደባባዩ የሚገኝ ላምብ ሁሉ ወደ ላይኛው ጽሕፈት ቤት ግቢ ይነዳ!” ከናፍሩ ብ ላይ ሲገጥምና ሲላቀቅ ከአጥሩ ማዶ ተሰማ። ሊቀ ዝምታው ቃጭሉን እስኪበጠስ ናጠው፤ በመጨረሻ የቃጭሉ ምላስ ወልቆ አሸዋው ላይ ወደቀ።

“ምን አልክ እንዳለ?” አለች ማንጠግቦሽ ከአጥሩ ሥር።

“ላምብ።”

“ድገመው እስቲ። ጆሮዬ ደከም ብሏል።”

ጆሮዋ ደህና ነበር። “ላምብ!” አለ እየሳቀም እያለቀሰም።

“እሱ የበግ ግልገል ነው” አለች ማንጠግቦሽ ወደ ነጂዎቹ ዞራ። እሷን ማስረዳት የከለከላት ሕግ አልነበረም። “የኔዋ ቀንድ አላት፤ ሁለቴ ወልዳለች። እናንተ የታዘዛችሁትን ግልገል ፈልጋችሁ ንዱ። እለፉ እስቲ ከበሩ!”

ገመዱን ፈትታ ቡሬን አወጣቻት። ነጂዎቹ ተረካቢውን አዩ፣ ተረካቢው ሊቀ ዝምታውን አየ፣ ሊቀ ዝምታው ከሰገነቷ ግንባር ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ አየ። የተነበበ አይመለስም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሰው ሁሉ ወደ አጥሩ ገባና የየራሱን ላም እየጠራ አወጣ። በምሳ ሰዓት አደባባዩ ላይ የቀረው እበት ብቻ ነበር። ነጂዎቹ ትእዛዙን ሳይፈጽሙ ላለመመለስ የሸማኔውን ግልገል ፈልገው፣ በግራና በቀኝ አጅበው፣ ጅራፍ እያጮኹ ወደ ላይ ነዱት።

ዝምተኛ ፊደል ያናገረ ሰው ቅጣቱ ቀላል ነው። አይታሰርም፣ አይባረርም። እሱ ራሱ ዝምተኛ ይደረጋል፤ ስሙ ይጻፋል እንጂ አይጠራም። አቶ እንዳለ ከሰገነቷ ወረደና በምትኩ ሳል የሌለበት ወጣት ተተካ። ስሙ በቀበሌው መዝገብ፣ በዕድሩ ደብተር፣ በየሠርጉ የጥሪ ወረቀት ላይ እንደ ድሮው አለ። ግን ማንም እንዲጠራው አልተፈቀደም።

መጀመሪያ ቀላል መሰለው። ትጓደድ ከተጋቡ ጀምሮ “አንተ” እንጂ ስሙን ጠርታው ስለማታውቅ በቤት ውስጥ የተለወጠ ነገር አልነበረም። ከውጭ ግን ሰው ሲያገኘው ፈገግ ይላል፣ አንገቱን ይሰብራል፣ ስሙ ከሚመጣበት ቦታ ላይ ሲደርስ ዋጥ አድርጎ ያልፋል። ላማቸውን ይዘው የሄዱት ሳይቀሩ እንደዚያ ያደርጉ ነበር። የባሰው የዕድሩ ነው። ስም ጠሪው “እንዳልካቸው” ይላል፣ ሰውየው “አለሁ” ይላል። ከዚያ ስም ጠሪው ጣቱን የእንዳለ ስም ላይ ለአፍታ ያሳርፍና ወደሚቀጥለው ይወርዳል። አቶ እንዳለ ለ“አለሁ” የከፈተውን አፍ መልሶ ይገጥማል። በስድስተኛው ወር መክፈቱንም ተወው። አንዳንድ ቀን እጁን እያየ፣ እውነት አለሁ ወይ ብሎ ራሱን ይጠይቅ ነበር።

ማንጠግቦሽ በየጠዋቱ በጮጮ ወተት ታመጣለች። ከአጥሩ በር ቆማ “ቤቶች!” ትልና ለትጓደድ ሰጥታ ትመለሳለች። በኋላ እንደተሰማው ግን አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ የሰሌዳውን ጽሑፍ በአንድ ተማሪ ከላይ እስከ ታች አስነብባ ኖሯል። ደጋግማ የጠየቀችውም አንድ ጥያቄ ነው። ብ ከም ኋላ ስትቆም ዝም ትላለች፤ ብቻዋን ስትሆንስ? ተማሪው ሰሌዳውን ሁለቴ ፈልጎ ስለ ብቻዋ የተጻፈ ነገር አጣ።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት አቶ እንዳለ ጓዳ ቁጭ ብሎ ጫማውን ያስራል። ትጓደድ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ከአጥሩ በር ላይ የቡሬ ቃጭል ተሰማ፤ ማንጠግቦሽ ወተቱን ብቻ ሳይሆን ላሟንም ይዛ መጥታለች። “ቤቶች” እስክትል ጠበቀ። አላለችም። ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ከናፍሯን ገጠመች፣ ከዚያም ጎረቤቱ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ጠራችው።

“ብ!”

አቶ እንዳለ የጫማውን ክር እንደያዘ ቀረ። ስድስት ወር ሙሉ ማንም አልጠራውም ነበር።

“ብ!” አለች ደግማ። “የለህም እንዴ?”

“አቤት!” አለ አቶ እንዳለ። አንድ እግሩ ባዶውን ወደ በሩ እየሮጠ ነበር። “አቤት እትዬ! አለሁ!”